ለራሱ የመረቀ ሰው

ፒያሳ ላይ ከእኔ ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ጁነይድ ፕላስቲክ ነጋዴ ነው። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ የልጆች ፖፖ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ይሸጣል። እኔ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ፤ ፎቶ ኮፒም አነሳለሁ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከዚህ ማዶ «ይማርህ» እላለሁ፤ እኔ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ደግሞ እሱ ከዚያ ማዶ «በላቸው፣ ተው አብሽር!» ይለኛል። እንዲህ ሆነን ስንት ዘመን ኖርን። ስለ እሱ ብናገር የሚያምርብኝም ለዚህ ነው። የሰውየውን ሳል እንኳ ከሌላ ሰው ሳል ለይቼ አውቃለሁ።

የተወለደው ቢስቲማ ነው። ደሴ የመጣው ገና ጢም ሳያበቅል አጎቱ ሱቅ ሊላላክ ሲሆን፣ እየዋለ እያደረ የራሱን ከፈተ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮቱ ሁልጊዜ ከትከሻው የሚሰፋ ሰው ነው። ሸህ አይደለም። ሐጂም አይደለም፤ ሐጅ ለመሄድ ባሰበ ቁጥር ዕቃ ይወደዳል። ግን ደሴ ውስጥ እንደ እሱ የሚመርቅ ሰው የለም። ከዚያ ከሲታ ደረት እንዴት እንደዚያ ያለ ድምፅ እንደሚወጣ ለእኔ አሁንም አይገባኝም። ሠርግ ላይ ይጠራል፣ ዕርቅ ላይ ይጠራል፣ አዲስ ባጃጅ የገዛ ሰው እንኳ መሪውን ከመጨበጡ በፊት ሱቁ በር ላይ አምጥቶ ያቆማል። የእኛ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን አጥር ሊታጠር ሰው ሲሰበሰብ «ጁነይድ የታለ?» ያሉት ቄሱ ራሳቸው ናቸው። መጥቶም መረቀ፤ እኛም አሚን አልን።

የዚህን አገር ሰው አመል ለማያውቅ አንድ ነገር ልንገር። እኛ ዘንድ ስብሰባ ሳይመረቅ አይከፈትም። የተመረቀበት ደግሞ አይነካም። አንድ ነገር ተብሎበት ቤቱ በሙሉ አሚን ካለ በኋላ እጅ አውጥቶ «እኔ እንኳ የተለየ ሐሳብ አለኝ» የሚል ሰው ከመራቂው ጋር ሳይሆን ከላይኛው ጌታ ጋር የሚጣላ ይመስለናል። ጥሩ ነው መጥፎ ነው አልልም። እንደዚያ ነን።

ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ ሱቆቻችን ተዘረፉ። የእኔ ፎቶ ኮፒ ማሽን ሄደ። የጁነይድ ሱቅ ተጠርጎ ሄደ፤ ፖፖ እንኳ አልቀረም። ፖፖ የሚዘርፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ እስካሁን እገረማለሁ። ከተማው ተረጋግቶ በር ከፍተን የገባን ዕለት ጁነይድ ባዶው መደርደሪያ ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ እኔ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ። ፊቷን ያላዞረችው የኔነሽ ናት። የኔነሽ ሾላ ዳገት ላይ የምትኖር ልብስ አጣቢ ናት። ያን ዕለት ከቦኖ ውሃ ቀድታ በጀርባዋ አዝላ ስታልፍ አየችው፤ ጀሪካኗን አውርዳ፣ ወደ እፍኟ እያንቆረቆረች ፊቱን አስታጠበችው። ከዚያ ጀሪካኗን አንስታ ዳገቷን ወጣች።

ሾላ ዳገት ስሙ እንደሚነግራችሁ ዳገት ነው። ባጃጅ ክረምት አይወጣውም። የቧንቧ ውሃም አይወጣውም፤ ግፊቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይደክማል። ስለዚህ የዚያ ሰፈር ሴቶች ከታች ካለው ቦኖ ቀድተው በጀርባቸው ይሸከማሉ። የኔነሽ ደግሞ የምትጠጣውን ብቻ ሳይሆን የሰው ልብስ የምታጥብበትንም ተሸክማ ትወጣለች።

ከዘረፋው በኋላ ለተጎዳን ነጋዴዎች ግብር ተቀነሰልን። ደግ ነገር ነበር፤ ባይቀነስልን ኖሮ ብዙዎቻችን ዛሬ ሌላ ሥራ ላይ እንሆን ነበር። ጁነይድ መደርደሪያውን መልሶ ሞላ፣ እኔም አሮጌ ማሽን ገዛሁ። ከዚያ ቅነሳው የሚያበቃበት ጊዜ ደረሰ። ያን ሰሞን ፒያሳ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። ሻይ ቤት ብትገባ ግብር፣ ሚኒባስ ብትሳፈር ግብር። እኛ ነጋዴዎቹ «ገና እግራችን አልጸናም፣ ዕቃው በየቀኑ እየጨመረ ነው፣ ቅነሳው ይራዘምልን» እንላለን። የዳገቱ ሰዎች ደግሞ «እናንተ ተነሱ ተብሎ ስንት ዓመት ዝም አልን፤ እኛ የምንነሳው መቼ ነው?» ይላሉ። ከሁለቱም ወገን ውሸታም አልነበረም። ጭቅጭቁን ያበላሸውም እሱ ነው፤ አንዱ ወገን ውሸታም ቢሆን ይቀል ነበር።

አምና ሰኔ ላይ ነጋዴውም የዳገቱ ሰውም ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራን። ሰብሳቢዋ ከማዘጋጃ ቤት የመጣች፣ ወይዘሮ ኩኩ የምትባል፣ ነገር የማታወሳስብ ሴት ናት። ቁጭ እንዳልን በግልጽ ነገረችን። «ያለን አንድ ገንዘብ ነው» አለች። «ቅነሳው ከተራዘመ፣ ለሾላ ዳገት ውሃ የሚገፋው ሞተር ለሌላ ዓመት ይቆያል። ቅነሳው ካበቃ፣ ሞተሩ ይገዛል። ሁለቱንም አድርጉ እንዳትሉኝ። ተከራከሩና የአብዛኛውን ሐሳብ ይዤ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጋሽ ጁነይድ ይመርቁልን።»

ጁነይድ ተነሳ። እጁን ዘረጋ።

«ያ ረቢ፣ ደሴን ከክፉ ሰውርልን!»

«አሚን!»

«ዝናቡን በልኩ፣ ፀሐዩን በልኩ አርግልን!»

«አሚን!»

«እስላም ክርስቲያኑን እንዳንድ እናት ልጅ አኑርልን! የወጣውን በሰላም መልስልን! የታመመውን ማርልን!»

«አሚን!»

ድምፁ እየወጣ፣ እየወጣ ሄደ። እኛም እየሞቅን ሄድን። አሚን ማለት እንደ እስክስታ ነው፤ አንዴ ከገባህበት ትከሻህ ራሱ ይሄዳል። ይኼኔ ነው ጁነይድ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲህ ያለው፦

«የተዘረፈውን የተካህልን ጌታ፣ የተነሳልንን ግብር መልሰህ አትጫንብን!»

«አሚን!»

የአዳራሹ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ከሁሉም የበለጠ የጮኸው አሚን እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ያልነው ነገር የገባን። ወይዘሮ ኩኩ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እኔ በበኩሌ ጁነይድን መሳም ነበር ያማረኝ።

«እንግዲህ መድረኩ ክፍት ነው» አለች ኩኩ።

የኔነሽ ተነሳች። ልትናገር ተዘጋጅታ እንደመጣች ያስታውቃል፤ የታጠበ ነጠላ ለብሳ ከፊት ተቀምጣ ነበር። ዙሪያዋን አየች፣ ጁነይድን አየችው። «እኔ እንኳ ብዙ ልናገር ነበር የመጣሁ» አለች። «ግና አሚን ብያለሁ። ካሁን ወዲያ ምን አፍ አለኝ?» ብላ ተቀመጠች። ከእሷ ቀጥሎ የተነሱት የዳገቱ ሰውዬ «እኔም እንደሷው» አሉ። ሌላ የሚነሳ ጠፋ። ክርክር ይሆናል ተብሎ ግማሽ ቀን የተያዘለት ስብሰባ ሻዩ ሳይመጣ አለቀ። ቅነሳው ለአንድ ዓመት ተራዘመ። ሞተሩ ቀረ።

ስንወጣ ነጋዴው ሁሉ ጁነይድን ጀርባውን እየመታ አለፈ። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ ነበር የሚሄደው። ሱቅ ደርሰን በየበራችን ከገባን በኋላ በጣውላው በኩል ጠራኝ።

«በላቸው።»

«አቤት።»

«አምልጦኝ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ያ ዱዓ። ከአፌ አምልጦኝ የወጣ መስሎህ እንደሁ፣ አይደለም። ጠዋት ሱቁን ስከፍት ተለማምጄዋለሁ። አስቀድሜ ‹ሸክሙን አትመልስብን› ልል ነበር። ኋላ ላይገባቸው ይችላል ብዬ ‹ግብር› አልኩ።»

ሳቅሁ። «ደግ አረግህ!» አልኩት። ከማዶ ሳቅ አልመጣም።

ወራት አለፉ። በጋው ገባና ከዳገቱ የሚመጣው ጀሪካን ገዥ በዛ። ውሃ በራቀ ቁጥር ሰው ብዙ ጀሪካን ይፈልጋል፤ ቀድቶ ማስቀመጥ አለበት። የጁነይድ ሱቅ እንደዚያ ዓመት ነግዶ አያውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ በገመድ ሰክቶ የሚያንጠለጥላቸውን ቢጫ ጀሪካኖች አውርዶ ከጓዳ ከሳፋዎቹ ኋላ ደበቃቸው። «ምነው?» ስለው «ፀሐይ ይጎዳቸዋል» አለኝ። ጭጋግ ነበር። ለደሴ ፀሐይ ጀሪካን የሚደብቅ ሰው ያን ቀን አየሁ።

ሚያዝያ ላይ የኔነሽ መጣች። አሮጌው ጀሪካኗ ተሰንጥቆ ኖሮ ጀርባዋ እስከ ወገቧ እርጥብ ነው። ጁነይድ ከጓዳ ገብቶ ጠንካራውን መርጦ አመጣላት፤ ስትከፍል አልቀበልም አለ።

«ምነው ጋሽ ጁነይድ፣ ለማኝ መሰልኩዎ?» አለችው። ተቆጥታ ነው።

«ኧረ በአላህ! እንዲያው...»

«እንዲያው የሚባል ዕቃ የለም። እርስዎም ነጋዴ ነዎት።» ከፈለች። ከዚያ ፊቷ ተፈታ። «ይልቅ አንድ ነገር ያርጉልኝ። ልጄ ሳምሪ ወሯ ገብቷል። በሰላም እንድትገላገል ይመርቁልኝ።»

ጁነይድ እጁን አነሳ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አያለሁ። እጁን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ቆመ። ምንም አልወጣም። በጉሮሮው አየር ብቻ ሲያልፍ ይሰማል። የኔነሽ አሚን ልትል አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። ትጠብቃለች። በመጨረሻ ሳል እንደያዘው ሰው ኡሁ ኡሁ አለና «ጉሮሮዬን... ጉሮሮዬን አሞኛል» አላት።

«ይማርዎ! እኔ አላወቅኩም» ብላ ሄደች። በማግስቱ ከአጥሯ ሥር ዳማከሴ ቆርጣ ይዛለት መጣች። ከዳገቱ ስትወርድ ያያት ጁነይድ ባልዲዎቹ ኋላ ገብቶ ተቀመጠ። ዳማከሴውን የተቀበልኩ እኔ ነኝ። አንድ ስልሳ ዓመት የደፈነ ሰው ከአንዲት ልብስ አጣቢ ተደብቆ በቀይ ባልዲና በሰማያዊ ባልዲ መካከል ጭንቅላቱ ይታያል። ልስቅም ልናደድም አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲያ መመረቅ ተወ። ሠርግ ሲጠሩት ጉሮሮ፣ ዕርቅ ሲጠሩት ጉሮሮ። ዳማከሴውን ግን አልጠጣም፤ «እሱን መጠጣት አይገባኝም» አለኝ። ሚስቱ ሐዋ ሐኪም ቤት ልትወስደው አስባ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ሱቁን ዘግቶ ጠፋ። ከሰዓት ሲመለስ ጠየቅሁት። ግብር ሊከፍል ሄዶ ኖሯል፤ ያውም ሙሉውን። «የተቀነሰልኝን አልፈልገውም፣ ጨምራችሁ ተቀበሉኝ» ሲላቸው መስኮት ላይ ያለው ልጅ አዙሮ አዙሮ አይቶት «አባባ፣ ይህን ሥራ ከያዝኩ ቀንሱልኝ የሚል እንጂ ጨምሩብኝ የሚል መጥቶ አያውቅም፤ ኮምፒውተሩም እሺ አይለኝም» አለው። ደግሞም፣ አለው፣ የእርስዎ ግብር ብቻ ሞተር አይገዛም።

እውነት ነው፤ የአንድ ጁነይድ ግብር ምን ያህል ነው? እኔም ይህንኑ ነገርኩት። ነገርኩት ሳይሆን ጮህኩበት። «አቦ አሁንስ በዛ! አንድ አፍ ቃል ነው የተናገርከው! ሰው ገድለሃል? ግብር የጠላ ሰው ሁሉ ኃጢአተኛ ከሆነ ፒያሳ ማን ሊቀር ነው?»

«ግብር መጥላቴ አይደለም የሚያቃጥለኝ» አለ ጁነይድ። «ተነስቼ እንደ ሰው ‹ይራዘምልኝ› ብል ምንም አልነበረበት። የኔነሽም ተነስታ ትመልስልኝ ነበር። እኔ ግን አፏን በአሚን ዘጋሁት። በራሷ አፍ ነው የዘጋኋት፣ በላቸው።»

«እሺ፣ ወደሚያውቅ ሰው እንሂድ» አልኩት።

የሚያውቀው ሰው ሸህ ዘካሪያ ናቸው። የሐርቡ ሰው ናቸው፤ ጁነይድ ልጅ ሆኖ ቢስቲማ ሳለ እዚያ ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር፣ መመረቅንም የቀሰመው ከእሳቸው ነው። አሁን አርጅተው ኮምቦልቻ ልጃቸው ቤት ነው ያሉት። እኔም ኮምቦልቻ ወረቀት የማመጣበት ቦታ ስለነበረኝ አብሬው ወረድኩ። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሙቀቱ ተቀበለን። ሹራባችንን አውልቀን ይዘን ገባን። ቤታቸው መኪና መንገድ ዳር ስለሆነ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሸሁ ንግግራቸውን አቁመው ይጠብቃሉ።

ጁነይድ ሁሉንም ነገራቸው። ሸሁ «ግብር» የሚለው ላይ ሲደርስ አቋረጡት።

«ግብር አልክ? ዱዓ መሃል?»

«አዎ አባ።»

ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። ጁነይድ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ሳቃቸው ሲያልቅ ፊታቸው ሌላ ሆነ።

«ለማን ነበር የመረቅኸው?»

«ለሕዝቡ።»

«ለማን?»

«ለ... ለነጋዴው።»

«አንተ ምንድነህ?»

«ነጋዴ።»

ከባድ መኪና አለፈ። ሸሁ ጠበቁ። «መራቂ ለራሱ አይመርቅም» አሉ ከዚያ። «የፈለገው ነገር ካለ ሌላ ሰው ፊት ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው ይመርቅለታል፣ እሱ አሚን ይላል። ይህን ቢስቲማ እያለህ ነግሬሃለሁ። አንተ ልጅ ያኔም ስነግርህ ውጭ ውጭ ታይ ነበር።»

«እንዴት ልመልሰው?»

«አንተ አትመልሰውም። አሚኑ የእነሱ ነው። ፊታቸው ቆመህ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ በል፤ ካሉህ አሉህ።»

«ሰው ፊት?»

«ያጠፋኸው ጓዳ ገብተህ ነው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ አሚን ብለሃል?»

«ብያለሁ አባ።»

«ጮክ ብለህ?»

«በጣም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቴን ሳልገዛ ነው የተመለስኩት፤ ረሳሁት። ዳገቱን ስንወጣ ሚኒባሱ ውስጥ ሹራባችንን መልሰን ለበስን።

ችግሩ ሰኔ ደርሶ ነበር። ቅነሳው ሊያበቃ ነው፣ ስብሰባም ተጠርቷል፣ ነጋዴውም ጁነይድን ከቦታል። «ጉሮሮህ እንደምንም ይሁንና ያችን ዱዓ ድገምልን» ይሉታል። ማር ያመጣለት ሰው ነበር። እሱ ለሁሉም «ኢንሻአላህ» ይላል። እኔ ከኮምቦልቻ የሰማሁትን ሰምቼም ቢሆን ቅነሳው እንዲራዘም ነበር የምፈልገው፤ መዋሸት አልወድም። ስብሰባው ዋዜማ በጣውላው በኩል «ምን ልትል ነው?» አልኩት። «አላውቅም» አለ።

ያው አዳራሽ፣ ያችው ወይዘሮ ኩኩ። እንደ አምናው አስረዳችን፦ ቅነሳው ከተራዘመ ሞተሩ ይቆያል፣ ካበቃ ይገዛል። የኔነሽ ዘንድሮ ከፊት አልተቀመጠችም፤ በሩ አጠገብ ናት። ቀጥሎ ኩኩ «ጋሽ ጁነይድ፣ ከተሻለዎት ይመርቁልን» አለች።

ተነሳ። እጁን ግን አልዘረጋም፤ ሁለቱንም እጁን ሰፊው ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

«አልመርቅም» አለ።

ማጉረምረም ተነሳ። ድምፁ ያ የምናውቀው ድምፅ አልነበረም፤ ቀጭን ሰው ነው፣ ቀጭን ድምፅ ወጣው።

«አምና እዚህ ቆሜ ለራሴ መረቅሁ። አምልጦኝ አይደለም፤ ተለማምጄ ነው የመጣሁት። አሚን ካላችሁ እንደማትናገሩ አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግሁት። የዳገቱ ሰዎች ዓመት ሙሉ ውሃ የተሸከማችሁት በኔ አፍ ነው። ለተሸከማችሁበትም ጀሪካኑን የሸጥኩላችሁ እኔ ነኝ። አውፍ በሉኝ። ዘንድሮ መጀመሪያ ሁሉም ይናገር። እኔም ብሆን ነጋዴ ነኝ፣ ቅነሳውን እወደዋለሁ። እጄን አውጥቼ እናገረዋለሁ እንጂ በአላህ ስም አልናገረውም።»

ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረው ማር ያመጣለት ሰውዬ ትንሽ ፈቀቅ አለ።

ማን ምን ይላል? ከዚያ ከበሩ በኩል የኔነሽ ተነሳች።

«ጋሽ ጁነይድ» አለች፣ «ከሚያዝያ ወዲህ ጉሮሮዎን ያመመዎ ለዚህ ነው?»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«እኔ ሞኝ አይደለሁም እኮ። ግብር ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለማን እንደሆነም ገብቶኛል። ያን ዕለት እዚያ ባዶ መደርደሪያ ሥር ሲያለቅሱ ፊትዎን ያስታጠብኩ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በደጅዎ ባለፍኩ ቁጥር ያ ፊትዎ ነው የሚመጣብኝ። አምና ልናገር ተነስቼ ዞር ብል እርስዎን አየሁ፤ ያ ፊት አሁንም አለ። እንግዲህ አንድ ዓመት በእግርዎ ይቁሙ፣ እኔ እንደለመድኩት እሸከማለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አሚን ብያለሁ ያልኩት ሰው ሌላ ነገር እንዳይጠይቀኝ ነው። እርስዎ አልወሰዱብኝም። እኔ ሰጥቼዎ ነው።»

ነጠላዋን አስተካከለች።

«ዘንድሮ ግና ሳምሪ አራስ ናት። ለአራሷ፣ ለሕፃኑ፣ ለማጥበው ልብስ፣ ሁሉን አንድ ጀርባ ሊችለው አልቻለም። ጉልበቴም ያመኛል። ሱቅዎም እንደሞላ አይቻለሁ፤ እንኳን ሞላልዎ። ዘንድሮን አልሰጥም። ይኸው ነው።»

ጁነይድን አየሁት። ሌባ ነኝ እያለ ዓመት ሙሉ የተቃጠለ ሰው፣ ለካ ምጽዋት ሲበላ ነው የከረመው፤ ያውም ከማን! ሌባ ነኝ ሲል እንኳ እንደዚያ አልደቀቀም። ኮቱ ውስጥ እየገባ፣ እያነሰ ሄደ። ዓይኑ ውሃ ሞላ፤ ዘንድሮ ግን የሚያስታጥበው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሰው ተናገረ። የዳገቱም ተናገረ፣ ነጋዴውም ተናገረ። ገና ያልተነሱ ነጋዴዎች አሉ፣ ለእነሱ ቢቆይላቸው የሚል ሐሳብ መጣና ኩኩ ጻፈችው። ጩኸት ነበር፣ ቁጣ ነበር፣ እንዲያ ያለ ስብሰባ ደሴ አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ለሁላችንም ይራዘም የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ። የተወሰነ እጅ ወጣ። እኔም ላወጣ ነበር። እጄ ከጉልበቴ ላይ አልነሳ አለኝ፤ በዚህ ዛሬም እናደዳለሁ፤ ማሽኔ እኮ አሮጌ ነው። ቅነሳው አልተራዘመም። ሞተሩ ይገዛል ተባለ።

«ለመዝጊያ እንኳ ይመርቁልን» አለች ኩኩ፣ ወደ ጁነይድ እያየች።

ጁነይድ ተነሳና ወደ የኔነሽ ዞረ። ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። እሷ ነጠላዋን እያጣፋች ቆማለች።

«ይመርቁና እንሂድ እንጂ ጋሽ ጁነይድ» አለችው። «ቦኖ ላይ ወረፋ አስይዤ ነው የመጣሁ።»

እጁን ከኪሱ አወጣ። ዘረጋው። ብዙ ይላል ብለን ጠበቅን፤ እሱ ግን አንዲት ነገር ብቻ አለ።

«ያ ረቢ፣ የየኔነሽን ውሃ ደጇ አድርስላት።»

«አሚን» አልን። እኔም አልኩ፣ ዝቅ አድርጌ።

ጁነይድ እጁን ሳያወርድ ወደ በሩ አየ። የእሷን አሚን ሊሰማ ፈልጎ ነው። የኔነሽ ግን ወረፋዋ እንዳያልፍባት ወጥታ ነበር።